ከፋይ የለበሰው መጻፊያ

ሶፋ ሰሪው በሙያው የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሠራው ሶፋ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። ሌላው የሠራው ሶፋ ሲቀመጡበት ሲጢጥ ይላል፣ ሲነሱ ያቃስታል፤ የእሱ ግን ግዙፍ ሰው ዘፍ ቢልበት እንኳን ትንፍሽ አይልም። ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ብረትና እንጨት በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ መሃል ማስገባት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም ይላል። አልጋ ቢንቋቋ፣ በር በነፋስ ቢንኳኳ፣ የጎረቤት ወንበር ወለሉን ቢፍቅ፣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቁራጭ ጨርቅ ሳጥኑ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ ታዲያ፣ እኔም አንድ ቀን ወሬ ሳበዛ አፌ ውስጥ ስፖንጅ ትወትፍብኛለህ እያለች ትስቅበታለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም፤ አፏ ግን የዓይኗንም ሥራ ደርቦ የያዘ ነው። ከእንቅልፏ ገና ሳትላቀቅ ትጀምራለች፣ እየበላች ታወራለች፣ እየታጠበች ታወራለች፣ ወሬ ሲያልቅባት ደግሞ ከራሷ ትፈጥራለች። በዚህ የተነሳ አባቷ ድምቢጥ አላት። ወፊቱም እንዲሁ መጠኗ ኢምንት፣ ጩኸቷ ሰፈር የሚያዳርስ ነው። ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፤ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት መዝገብ ቤት ብቻ ነው።

ድምቢጥ ለትምህርት ስትደርስ በሰፈሩ የሚቀበላት አልተገኘም። ስለዚህ ሌላ ከተማ ወዳለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳት። በአውቶቡስ ማለዳ ተነስቶ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚደረስበት አገር ነው። እዚያ ብሬል ተማረች፣ በጣቷ ማንበብ ቻለች፣ ዘፈንም፣ ክርክርም፣ ከጓደኛ ጋር መኳረፍም ለመደች። እረፍት ሲሆን ወደ ቤት ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ታዲያ የሚመጣው ልጅ ሳይሆን እንግዳ ሆነ። በርጩማው የት እንደሚቀመጥ ትረሳለች፣ ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ እንጂ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጥም። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ድምቢጥ በሩ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል?» አለችው።

በገዛ ቤቷ ነው። ሶፋ ሰሪው ያን ቀን ለሚስቱ ልጄን ውሃ አስፈቅዳ እንድትጠጣ አልወለድኳትም፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው አላት። ሚስትየው ጠንቃቃ ናት። እዚያ አስተማሪዎቿ ራሳቸው ብሬል ያነባሉ፣ እዚህ ፊደሏን ማን ያውቅላታል ብላ ተከራከረች። እሱ ግን ሽንጡን ገትሮ ያዘ። ማንኛውም ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማር የሚል መመሪያ መውጣቱን ሰምቷል፤ አካቶ ትምህርት ይሉታል። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ሲጠየቅ አላንገራገረም፣ እንሞክረው አለ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ በበኩሉ አልጋዋ ወረፋ ለሚጠብቅ ልጅ እንደሚሰጥ፣ ተመልሳ ብትመጣ ቦታ እንደምታገኝ ማንም ቃል ሊገባላት እንደማይችል ተናገረ። ሚስትየው በመጨረሻ እሺ ያለችው ተረትታ አይደለም፣ ልጇ ስለናፈቀቻት ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ማር ሆነ። የክፍሉ ልጆች ማን እጇን ይዞ እንደሚያስገባት ይጣሉ ነበር። ድምቢጥም አዲስ ጆሮ አግኝታለችና ወሬዋ ወንዝ ሆነ። ማታ ማታ ደግሞ ቀን የጻፈችውን ለአባቷ ታነብለታለች። መብራት አያስፈልጋትም፤ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ ወረቀቱን ሆዷ ላይ ዘርግታ ጣቷን እያስኬደች፣ እየተደናቀፈች፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች ታነብባለች። እሱ አጠገቧ ጋደም ብሎ ያዳምጣል። ከዚህ የበለጠ ደስታ አላየም።

ችግሩ የመጣው ከመጻፊያው ነው። ዓይነ ስውራን የሚጽፉበት ስሌት የሚባለው ነገር በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ብረቶች ናቸው። ላይኛው ብረት መስኮት መስኮት ያለው ነው፣ ታችኛው ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ጉድጓድ አለበት። ወረቀቱን መሃላቸው አስገብተው፣ እጀታዋ ድቡልቡል በሆነች መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፋሉ፤ ሲገለብጡት ነጥቦቹ ተነስተው ይነበባሉ። በወጉ ቁጥር ጠቅ ይላል። ዴስኩ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጠቅ ያለውን ተቀብሎ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። መምህርቷ ማስታወሻ ስታጽፍ ክፍሉ በሙሉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሆነ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ቀልደኛ በእስክሪብቶው ዴስኩን ጠቅ ጠቅ አደረገ። አጠገቡ ያለው ተከተለው። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶ ደብዳቢ ሆነ። ድምቢጥ መጀመሪያ ሁሉም ብሬል መጻፍ የጀመረ መስሏት ደስ ብሏት ነበር አሉ። ሳቁን ስትሰማ ነው የገባት።

መምህርቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ሰው ተጣልቶ ይወጣለት ነበር። ልጆቹን ተቆጣች፣ መከረች። ሲብስባት ድምቢጥን ከፊት ወደ ኋላ አዛወረቻት፣ ከኋላ ወደ በሩ ጥግ፣ ከበሩ ጥግ ደግሞ ለጊዜው ተብሎ ወደ ኮሪደር። ወንበርና ዴስክ በመስኮቱ ስር ተደረገላት፣ መስኮቱም እንድትሰማ ተከፈተላት። ድምቢጥ ይህንን ለቤተሰቦቿ አልተናገረችም። አባቷ ያወቀው አንድ ጠዋት ረስታው የሄደችውን ሹራብ ይዞላት ሲሄድ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ አቅንታ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ አገኛት። ከእኩዮቿ ጋር ትማር ብሎ ያመጣት ልጁ ከእኩዮቿ በግድግዳ ተለይታለች። ኮቴውን አውቃ እዚህ ነፋስ አለ ስትል አጽናናችው፣ ለእሱ አዝናለት።

ርዕሰ መምህሩ በክብር ተቀበለው፣ ወንበር ሳበለት። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ መሆኑን፣ የሌሎቹም ወላጆች ልጆቻችን መስማት አልቻሉም ማለታቸውን፣ ብሬል የሚያውቅ መምህር የሚመጣላቸው በፈተና ጊዜ ብቻ መሆኑን አስረዳው። እንዲህ ከሆነ ምናልባት ልዩ ትምህርት ቤቱ ይሻላት ይሆን ሲል ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃ የምታስፈቅደዋ ልጅ በሶፋ ሰሪው ዓይን ላይ መጣች።

«ችግሩ ድምፁ ብቻ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ድምፁ ብቻ ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ሶፋ ሰሪው ተነፈሰ። ድምፅ ከሆነ የእሱ ሥራ ነው።

የዚያኑ ዕለት ስሌቱን ይዞ ሱቁ ገባ። መጀመሪያ ከስሩ ስስ ስፖንጅ ለጠፈበት። ከበሮው ጠፋ፣ ጠቅታው ግን ቀረ። ጆሮውን አስጠግቶ መረመረ፤ ድምፁ የሚመጣው መውጊያዋ ጉድጓዶቹ ውስጥ ስትገባ ነው። ብረት ብረትን ሲመታ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ምን ይጠየቃል? ከአንድ ትልቅ ሶፋ የተረፈ አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ነበረው፤ እጅ ሲነካው ከድመት ጀርባ የሚለሰልስ። በምላጭ ልክ በልኩ ቆረጠ፣ በማስቲሽ ጉድጓዶቹ ላይ አለበሰ፣ ጠርዙን እንዳይተረተር አጠፈ፣ ሲደርቅ ወረቀት አስገብቶ ወጋ ወጋ አደረገው። ጸጥ። ከዕድሜ ልክ ሥራው ሁሉ እንደዚያ ያማረ ነገር አልሠራም።

ማታ ለድምቢጥ ሰጣት። ከፈተችው፣ ጣቷን ከፋዩ ላይ አስኬደች፣ ጉድጓዶቹን ፈለገች። ለስላሳ ነው አለች። ይጽፋል ወይ ሲላት ወረቀት አስገብታ ትንሽ ወጋች፣ አውጥታም ዳበሰችው። አባቷ ትንፋሹን ይዞ እንደሚጠብቅ ሰምታለች፤ የሰው ትንፋሽ ማንበብ ከብሬልም በፊት የተማረችው ነው። ይጽፋል አለችው።

በማግስቱ ወደ ክፍል ተመለሰች፣ ያውም ወደ ፊት ወንበር። መምህርቷ ምስጋናዋን ላከች። ርዕሰ መምህሩ እንግዶች በመጡ ቁጥር ድምቢጥን እያሳየ፣ ችግር በቅንነት ከታየ መፍትሔ አያጣም ይል ጀመር። አንድ ጊዜ ሶፋ ሰሪውንም አስጠርቶ አስጨበጨበለት። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ቆመ። የልቡ ደረሰ፣ ልጁ እቤቱ እያደረች ከልጆች ጋር ትማራለች። ማታ ማታ ንባቡም ቀጠለ፤ ደግሞ እንዴት ተሻሻለች! ድሮ የሚያደናቅፋት ሁሉ ጠፋ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለ፣ ስለ ወንዞች ነው፣ ስለ ደመና ነው፣ ስለ ድሮ ነገሥታት ነው፣ ብቻ እንደ ውሃ ታፈሰዋለች። ሚስቱ ይቺ ልጅ ቀን ቀን ዝምታ አብዝታለች ስትለው፣ እያደገች ነው፣ እንዳንቺ ለፍላፊ ሆና ትቅር ወይ ብሎ ቀለደባት።

የፈተናው ሰሞን ተዘዋዋሪው የብሬል መምህር መጣ። እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ ነጭ ዱላውን አጣጥፎ ኪሱ የሚከት፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ሰው። ሥራው ድምቢጥ በብሬል የጻፈችውን መልስ አንብቦ ለመምህርቷ መንገር ነው። ሶፋ ሰሪው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲጠራ፣ ለሌላ ጭብጨባ መስሎት በመንገዱ ፀጉሩን እያስተካከለ ሄደ።

የብሬል መምህሩ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ጣቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደ፣ ገለበጠ፣ ደግሞ አስኬደ። ሌላውን አነሳ። ከዚያ ስሌቱን አቀብሉኝ አለና ከፍቶ በአውራ ጣቱ ውስጡን ዳበሰ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም።

«ይሄን ማን ነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሶፋ ሰሪው። ኩራቱን ከድምፁ ለመደበቅ አልሞከረም።

የብሬል መምህሩ ቀስ ብሎ አስረዳ። እነዚያ ጉድጓዶች የነጥቦቹ ማህፀን ናቸው፤ ነጥቡ የሚነሳው ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ሲሰምጥ ነው። ጨርቅ ካለ ወይ ወረቀቱ አይነሳም፣ ወይ ይቀደዳል። ይህ ጨርቅ ከገባ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ የእሷም ሆነ የእኔ ጣት ሊያነበው አይችልም አለ። መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሶፋ ሰሪው በገዛ እጁ፣ በምላጭ፣ ልክ በልኩ ቆርጦ፣ የልጁን ዓይን ሁለተኛ ጊዜ ከደነው። እንዲህ ነው ያሰበው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሌላ አላሰበም።

ወደ ቤት ሲሄዱ እጇን ይዞ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ደስ ብሎህ ነበራ አባዬ» አለች። «ደግሞ ጨርቁን ካደረግክልኝ ወዲህ ማንም ውጪ ብሎኝ አያውቅም።»

ማታ ማታ የምታነብለትስ? እሱ የራሷ መሆኑን፣ ከክፍል የሰማችውን እየቀጠለች የፈጠረችው መሆኑን ነገረችው። ጥሩ አልነበረም ወይ ብላም ጠየቀችው። ጥሩ ነበር አላት።

ከፋዩን ላጠው። ማስቲሹ ጉድጓዶቹ ውስጥ ደርቆ ስለነበር ጥሩ አድርጎ የሠራውን ማበላሸት ከመሥራቱ በላይ አለፋው፤ በመጨረሻ የብሬል መምህሩ ትርፍ ስሌት ሰጣት። ክፍሉም በመምህርቷ ተመከረ፤ ልጆቹ አንድም ሳይስቁ፣ አንድም እስክሪብቶ ሳያንኳኩ ጸጥ ብለው ጠበቋት። ድምቢጥ ወረቀቷን አስገብታ አንዴ ወጋች። ጠቅ አለ። እጇን ሰበሰበች። መምህርቷ አይዞሽ አለቻት፣ ልጆቹም አይዞሽ አሏት። ደግማ ወጋች፣ ጠቅ ሲል ትከሻዋ ተሸማቀቀ፣ መውጊያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ እጇን አጣጥፋ ነው ያሳለፈችው። እናቷ ለመነቻት፣ አባቷ ለመናት፣ አልጻፈችም። የምትቀመጠው ግን ክፍል ውስጥ ነው፤ ማንም አላስወጣትም፣ ማስወጣት የሚያስፈልገውም ነገር አልነበራትም።

ባልና ሚስት ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያንኑ ነገር ይፈጩታል። እዚያ ብትሄድ ፊደሏን ታገኛለች፣ ቤቷን ታጣለች። እዚህ ብትቀር ቤቷን ታገኛለች፣ ፊደሏን ታጣለች። ሚስትየው አንድም ቀን ነግሬህ ነበር አላለችውም፤ ብትለው ይቀልለው ነበር። በመጨረሻ የወሰነው ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱ አንድ አልጋ መገኘቱን ላከባቸው። ከክፍሏ ዝቅ ብላ ከታናናሾቿ ጋር እንድትማር ተባለ። እናቷ ልብሷን ስታጣጥፍ ድምቢጥ አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዱን ተቀብላ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠች። ያን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ገና ሳትሄድ ቤቱን ባዶ ያስመሰለው ይሄ ነው።

አባቷ ነው ያደረሳት። ገና ከበሩ ሲገቡ ነው ድምፁን የሰማው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ የሚወርድ መሰለው፤ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፣ ጥርት ያለ ነው። ወደ ክፍሉ ሲቀርቡ ገባው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ማንም ማንንም ዝም በል አይልም። ዓይነ ስውሩ አስተማሪ ከዝናቡ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያጽፋል። ሶፋ ሰሪው ከስንት ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል አለው። እዚህስ ማን ጠቅታዋን ይለይባታል? ትጽፋለች፣ ታነብባለች፣ ወሬዋም ይመለሳል። ልጄን ባጣ ፊደሏን አገኘሁላት ብሎ ራሱን አጽናና።

ድምቢጥ ወንበር ተሰጣት። ስሌቷን አውጥታ ወረቀቱን አስተካከለች። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ አንድ ነገር አወጣች። የአረንጓዴ ከፋይ ቁራጭ ነበር። ከሱቁ ወለል ይሆን ከሳጥኑ፣ መቼ እንዳነሳችው አላወቀም። በጥንቃቄ ዘረጋችው፣ በወረቀቱና በጉድጓዶቹ መሃል አስገባችው፣ በመዳፏ አለሰለሰችው፣ ስሌቱን ከደነችና መጻፍ ጀመረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አያይም። ያየው እሱ ብቻ ነው።

ወደ አስተማሪው ሄዶ በሹክሹክታ ነገረው። አስተማሪው ማጻፉን አቁሞ አሰበ። እኔ ነጥቄ ባወጣባት ነገ ሌላ ታመጣለች፣ ያስገባላት እጅ ያውጣላት፣ እርስዎ ይንገሯት አለው። ሶፋ ሰሪው ተመልሶ አጠገቧ ተንበረከከ። ስሌቱን ቀስ ብሎ ከፍቶ ከፋዩን አወጣ።

«ስሚ የኔ እናት፣ ሁሉም ድምፅ ያሰማሉ። እዚህ ማንም ውጪ አይልሽም።»

ድምቢጥ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«ያን ጊዜም ከዚህ ስታወጣኝ፣ እዚያ ማንም ምንም አይልሽም ብለኸኝ ነበር» አለች።

በዙሪያቸው ያሉት ልጆች አስተማሪው እስኪቀጥል ድረስ ያለፈውን መስመር በጣታቸው ያነብቡ ነበር። ድምቢጥ እጇን ዘርግታ መዳፏን ወደ ላይ ከፍታ ጠበቀችው። ብዙ ጊዜ ጠበቀችው። ጨርቅ ከመስጠት በቀር ሌላ ሙያ አያውቅምና፣ ቁራጯን መዳፏ ላይ መለሰላት።

አመሰግናለሁ አለችው፣ ያን ጊዜ እዚሁ እንዳስተማሯት። ከፋዩን አስገብታ ወረቀቷን አስተካከለች። አስተማሪው ማጻፉን ሲቀጥል ክፍሉ በሙሉ እንደገና ዘነበ፤ እሷም ከመሃላቸው ሆና ድምፅ ሳታሰማ መጻፏን ቀጠለች።